ሱዶ ይላል

ሰኞ ጠዋት ሲሀም ቢሮ ገብታ ኮምፒውተሯን ከፈተች፤ ማዳመጫዋንም ጆሮዋ ላይ አደረገች። ኮምፒውተሩ ግን ዝም አላት። ጠበቀች። ድምፁን የሚቀሰቅሱትን ቁልፎች ተጫነች፤ ምንም የለም። አጥፍታ እንደገና አስነሳችው፤ አሁንም ምንም የለም። ዓርብ ስትዘጋው እኮ እንደ ልማዱ ሲለፈልፍ ነበር።

ሲሀም ዓይነ ስውር ናት። ኮምፒውተሯ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ በድምፅ የሚያነብላት ፕሮግራም አለው። ድምፁ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ይመስላል፤ ለእሷ ግን ከሱ የሚጥም ድምፅ የለም። በዚያ ድምፅ ሕግ ተምራበታለች፤ የጥብቅና ፈቃድ ፈተናም አልፋበታለች። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ በሱ እየታገዘች ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ችሎት ፊት ልትቆም ነው።

ደንበኛዋ ነሲባ ትባላለች። እናቷን እስከ ዕለተ ሞታቸው ያስታመመችበትን ቤት ወንድሞቿ «ልቀቂ» ብለው ከሰዋታል። ዛሬ የወንድሞቿ ምስክሮች ይሰማሉ፤ መስቀለኛ ጥያቄ የምታቀርበውም ሲሀም ናት። ጥያቄዎቹ፣ ምስክሮቹ ቀድሞ የሰጡት ቃል፣ አንዱ ከሌላው የሚጋጭበት ቦታ፣ ሁሉም ያለው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ስልክ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ይቀራል፤ ኮምፒውተሩን ግን ዳኛዋ ፈቅደውላታል። አንድ ጆሮዋን ለምስክሩ፣ አንዱን ለኮምፒውተሩ ልትሰጥ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው።

«እህስ፣ አየሽው?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

አቶ ገብረክርስቶስ ናቸው፤ የቢሮው ባለቤት፣ በጥብቅና የሸበቱ ሰው። ፒያሳ ካሉት ወርቅ ቤቶች እሳቸውን የማያውቅ የለም። ሌላው ቢሮ ሁሉ ሲሀምን «እንደውልልሻለን» እያለ ሲሸኛት በሩን የከፈቱላት እሳቸው ናቸው። ይህንን እሳቸው አይረሱትም፤ እሷም እንድትረሳው አይተዋትም።

«ምኑን ነው የማየው ጋሼ?»

«ኮምፒውተርሽን ነዋ! ሙሽራ አስመስዬልሻለሁ።»

ሙሽራማ መች ትናገራለች! የሲሀም እጅ ቁልፎቹ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ምን አደረጉት?»

«ቅዳሜ ማቲዎስን ከታች ጠራሁትና ‹የዚችን ልጅ ኮምፒውተር ዘመናዊ አድርግላት› አልኩት። ያ አሮጌ መልክ ደንበኛ ሲያየው ያሳፍራል። ብታዪው፣ ጀርባው ላይ ተራራ አለው፤ ሰዓቱ ብቻ ወርቅ ይመስላል። አሮጌውንም ቦታ እንዳይዝብሽ ጠራርጎ አጠፋልሽ።»

ነገሩ ገባት። ኮምፒውተሯ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ማንም ወስዶ እንደፈለገው የሚያበጀው ነፃ ሥርዓት ስለሆነ፣ ዴስክቶፕ የሚባለውን የፊት ገጹን እንደ ቤት መጋረጃ አውርዶ ሌላ መስቀል ይቻላል። ማቲዎስ ከታች ኮምፒውተር የሚጠግነው ልጅ ነው። ለዓይን የሚያምረውን መርጦ ሰቀለ፤ ለጆሮ የሚያነበውን ከአሮጌው ጋር ጠርጎ ጣለው። የይለፍ ቃሉንስ ከየት አመጣው? ለክፉ ቀን ብላ ለጋሼ የሰጠቻቸው እሷው ራሷ ናት።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ እኮ አይናገርም።»

«ይናገራል እንጂ፤ ትንሽ ብትለምጂው ነው።»

የዚህ ከተማ ሰው ደግ ነው፤ የሚገድለውም ደግነቱ ነው። ሲሀም አራት ኪሎ ታክሲ ስትጠብቅ ስንቱ ክንዷን አፈፍ አድርጎ «አይዞሽ እህቴ» እያለ፣ መሻገር ያልፈለገችውን አስፋልት አሻግሯታል! አሻግሮ፣ መርቆ ይሄዳል፤ እሷ ደግሞ የተሻገረችውን ለመመለስ መኪና ስትለማመጥ ትቆያለች። የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ቤቶች ፈርሰው በጆሮዋና በአፍንጫዋ የምታውቀው መንገድ ሲጠፋባትም «አማረ እኮ» ነበር ያሏት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ንፍጡን የሚጠርገው ግን ሁልጊዜ የተሳመው ነው።

«ማቲዎስን ይጥሩልኝ።»

ማቲዎስ ለሰርግ ደብረ ብርሃን ሄዷል። ስልኩ ዝግ ነው።

«በቃ፣ ዛሬ እኔ ልቁምልሽ» አሉ አቶ ገብረክርስቶስ። «አንቺ ለሌላ ቀን ትደርሻለሽ፤ ምን ያስቸኩልሻል?»

«አይቆሙም።»

እንዲህ በአጭሩ መልሳላቸው አታውቅም። እሳቸው ወንበር ስበው ሲቀመጡ ሰማች።

«ሌላ ዴስክቶፕ እጭናለሁ» አለች። «ማቴ የሚባል አለ፤ የሚያነብልኝን ፕሮግራም ይዞ ይመጣል። የምጽፈው እኔ ነኝ። እርስዎ ስክሪኑ ላይ ያለውን ብቻ ያንብቡልኝ። እጅዎን ግን አያስገቡ።»

«ማቲ ያበላሸውን ማቴ ሊያቃናው!» ብለው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት በቁልፍ ከፈተች። የሊኑክስ ሰው ከባድ ነገር ሲጀምር የሚጽፋት ቃል አለች፤ ሱዶ ትባላለች። «ባለሥልጣኑ እኔ ነኝ፣ ያልኩህን አድርግ» እንደማለት ናት። ሲሀም እሷን ጻፈች፤ የቀረውንም አስከተለች።

«ምን ይላል?»

«ሱዶ ይላል።»

«ከዚያስ?»

«አፕት፣ ኢንስታል... እያለ ይሄዳል።»

«ልክ ነው፤ ‹ጫንልኝ› ማለት ነው» አለችና አስገባችው። «አሁንስ ምን አለ?»

«ትዕዛዙ አልተገኘም ይላል።»

«የምን ትዕዛዝ?»

«እኔ ምን አውቄ! በእንግሊዝኛ የጻፈው እንደዚያ ነው። መዝገብ ቤት ነው እንዴ፣ ‹ትዕዛዝ አልተገኘም› የሚለው?»

እንደገና ጻፈች። እንደገና አስነበበቻቸው። ሱዶ ይላል። እንደገና ትዕዛዙ አልተገኘም። ቀስ ብላ፣ ጣቷን ቁልፍ በቁልፍ እያስቀመጠች ደገመችው፤ ያው ነው። ሱዶን የሚያህል ነገር ጠፋ? ይህ ማቲዎስ የሚሉት ሰው ቤቱን ሲጠርግ ምሰሶውንም ይዞት ወጥቷል ማለት ነው? ግንባሯን አላባት። ከታች ከኬክ ቤቱ የማኪያቶው ማሽን ፉጨት ይሰማል፤ ሰው ይስቃል። ሲሀም የሚስቀውን ሰው ሁሉ ጠላችው።

«ተይው ልጄ» አሉ አቶ ገብረክርስቶስ። «ራስሽን አታድክሚ። ጥያቄዎቹን በቃል የምታስታውሽውን ንገሪኝና እኔ...»

«ሱዶ የሚለውን ፊደል በፊደል ይቁጠሩልኝ።»

«ምኑ ይቆጠራል? ሁለት ነው።»

«ሁለት?»

«ሱ እና ዶ።»

ሲሀም ፊቷን ወደሳቸው አዞረች።

«በምን ፊደል ነው የተጻፈው ጋሼ?»

«በፊደላችን ነዋ!» አሉ በኩራት። «እኔ ነኝ ማቲዎስን ያዘዝኩት። ‹ሲከፈት ያገራችን ፊደል ይቅደም፣ የፈረንጁ ይከተል› አልኩት። ሱዶ ሲል እንዴት እንደሚያምር ብታዪው!»

ሲሀም ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። እስክሪብቶዎቹ ከመያዣው ወጥተው ወለሉ ላይ ተበተኑ። እሳቸው ያነበቡት ልክ ነው፤ እሷ የሰማችውም ልክ ነው። ሱዶ በግዕዝም ሱዶ ነው፣ በፈረንጅም ሱዶ ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ አፉን ተዘግቷል።

«ለኮምፒውተር ትዕዛዝ የሚሰጠው በላቲን ፊደል ነው! እርስዎ ያሳመሩት ፊደል ነው ጠዋቴን የበላው!»

«እኔ ምን አውቄ...»

«አያውቁም። ካላወቁ ለምን ይነካሉ?»

መልስ ሳትጠብቅ ፊደሉን በቁልፍ ቀየረችና ጻፈች።

«አሁንስ?»

«አሁን የፈረንጅ ሆነ። አራት ፊደል ነው» አሉ ቀስ ብለው።

አስገባችው። የይለፍ ቃል ጠየቃት፤ ሰጠችው። ከስልኳ ኢንተርኔት አገናኘችው። «ጽሑፍ እንደ ጎርፍ እየወረደ ነው» አሏት፤ እየተጫነ ነው ማለት ነው። ትንሽ ትንፋሽ አገኘች። እሳቸው ወንበራቸውን ገፍተው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ያ ቤት አሮጌ ነው፤ ግድግዳው ሳል እንኳ አያስቀርም። የሚያወሩት በስልክ ነበር።

«አይዞሽ ልጄ፣ አትስጊ። የሲሀም ኮምፒውተር ተበላሽቷል። ያው እንደምታውቂው፣ እሷ ደግሞ ያለሱ አይሆንላትም። ዛሬ የምቆምልሽ እኔ ነኝ።»

የሲሀም ጆሮ ጭው አለ። ያው እንደምታውቂው! ምኑን ነው ነሲባ የምታውቀው? ነሲባ እስከ ዛሬ ጠዋት የምታውቀው ጠበቃዋ ሲሀም መሆኗን ነበር። ሲሀም ወራት ሙሉ አብራት ተቀምጣ የእናቷን ሕመም ከነመድኃኒቱ ሰምታለች፤ አምናት የቆየችውን ሴት ጋሼ በአንድ ስልክ አስበረገጓት። ሲመለሱ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«ማን ደውሉ አለዎት?»

«ሴትዮዋ እንዳትደናገጥ ብዬ ነው...»

«ያስደነገጧት እርስዎ ነዎት! ኮምፒውተሬን ነኩ፤ እሺ፣ አላወቁም። አሁን የነኩት ስሜን ነው! ‹አይሆንላትም› ለማለት ማን ጠየቀዎት?»

«እኔ ላንቺ አስቤ እኮ...»

«ለእኔ አያስቡልኝ! ለእኔ የማስብ እኔ አለሁ!»

«አንተ» የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ መለሰቻት። በአባት ዕድሜ ያለን ሰው እንዲህ ተናግራ አታውቅም፤ ወሎ ያሉት ዘመዶቿ ቢሰሙ መሬት ትዋጠን ይሉ ነበር። ግን «እርስዎ» ብላ የተናገረችው ከ«አንተ» የከፋ እንደነበር ሁለቱም ያውቁታል። አላፈረችም፤ ተናዳለች፣ ንዴቷም ተገቢ ነው።

«ጽሑፉ ቆመ» አሉ አቶ ገብረክርስቶስ ጥቂት ቆይተው።

ኮምፒውተሩን ዘግታ አስነሳችው። «አሁን እጅዎን ያስገቡ፤ ስለጠየቅሁዎት። መግቢያው ላይ ጥርሳም ክብ ምልክት ይኖራል። እሱን ነክተው ማቴ የሚለውን ይምረጡልኝ።» መረጡላት። የይለፍ ቃሏን ጻፈች፤ ገባች፤ ድምፁን የሚቀሰቅሱትን ቁልፎች ተጫነች።

ቆርቆሮው ተንኳኳ። ማዳመጫውን ነቅላ ስለነበር ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ፋይሏን ከፈተች፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበላት፦ «ምስክር፣ እናትየው አልጋ ላይ በዋሉበት ዓመት እርስዎ የት ይኖሩ ነበር?» ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም አነበበ። አቶ ገብረክርስቶስ ያን ድምፅ ከጆሮዋ ውጪ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። ስንት ዓመት የሠሩበትን የጥያቄ አደራደር ወንበራቸውን ወደ ድምፁ አስጠግተው አዳመጡት።

ሲሀም ስልኳን አንስታ ነሲባ ጋ ደወለች።

«ነሲባ፣ እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ ተስተካክሏል።»

«ኧረ ተመስገን... ግን ጋሼ እሳቸው እቆማለሁ አሉኝ፤ እኔማ ግራ ገባኝ።»

«እቆማለሁ» ብላ ስልኩን መዝጋት ትችል ነበር፤ ውክልናው በስሟ ነው። አቶ ገብረክርስቶስ እየሰሙ ነው።

«ሁለታችንም አለን። ጥያቄዎቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የምጠይቃቸውም እኔ ብሆን እወዳለሁ። ቤቱ ግን ያንቺ ነው። ማን ይቁምልሽ?»

ነሲባ ዝም አለች። የሲሀምን የዛሬ ችሎት፣ የሚመጣውን ደንበኛ ሁሉ ያ ዝምታ ይዞት ተቀምጧል። እሳቸውን ብትል ሲሀም «እሺ» ከማለት ሌላ አፍ የላትም።

«እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች ነሲባ በመጨረሻ። «ወንድሞቼም ጠይቀውኝ አያውቁም። አንቺ ቁሚ። ጋሼ ስሜን እንኳ ነፊሳ ነው የሚሉኝ።»

ሲሀም ኮምፒውተሯን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ነጭ ዘንጓን ዘረጋች። በሩ ጋ ስትደርስ አቶ ገብረክርስቶስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሲሀምዬ፣ አጥፍቻለሁ። በናንተው ልማድ አፉ በይኝ።»

ይህ የወሎ የይቅርታ ቃል ሲነገር መልሱ አይዘገይም። ሽማግሌ «አፉ በይኝ» ካለ፣ ልጅ ቶሎ ብላ «አፉ ብያለሁ» ትላለች፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል፣ ሰውም ወደ ሥራው ይሄዳል። ክርስቲያኑም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ለማለት ሁለት ትንፋሽ አይወስድም። አቶ ገብረክርስቶስ በዕድሜያቸው ሁሉ ይህ መልስ ቀርቶባቸው አያውቅም፤ ለዚህም ነው እጃቸውን ዘርግተው የጠበቁት።

«አፉ አላልኩም» አለች ሲሀም።

«ምን?»

«አሁን ብል ውሸት ነው፤ ችሎት ልገባ ነው፣ በውሸት አፍ አልገባም። ስመለስ ይጠይቁኝ ጋሼ። መጠየቅ ይልመዱ።»

የእንጨት ደረጃውን በዘንጓ እየነካካች ወረደች። አቶ ገብረክርስቶስ ወለሉ ላይ የተበተኑትን እስክሪብቶዎች ሊለቅሙ ጎንበስ አሉና፣ የእሷ መሆናቸውን ሲያስቡ እጃቸውን ሰበሰቡ።