የዱዌይን ሃስኬት የመጨረሻ ሳምንት

ሎይድ ቭራብል ጉልበቱን የሰበረውን ሰው ስም ለስድስት ዓመት ከአፉ አላወጣም። አልረሳውም ግን።

ሎይድ ቤዝቦል ተጫዋች ነበር፤ ከመቺው ኋላ ጭምብል አጥልቆ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረወር በጣቱ ምልክት እየሰጠ፣ ወርዋሪው የሚልካትን ኳስ የሚቀልብ። እ.ኤ.አ. በ1949 ትልቁ ሊግ በገባ በሦስተኛ ሳምንቱ ዱዌይን ሃስኬት የሚባል ሯጭ ነጥብ ሊያስቆጥር ወደ እሱ ሮጠ። ኳሷ ገና ሩቅ ነበረች፤ መንገዱም ክፍት ነበር። ሃስኬት ግን ሆን ብሎ ታጥፎ ባለሹል ብረት ጫማውን የሎይድ ጉልበት ላይ ሰካው። ከዚያ አቧራውን እያራገፈ ሳቀ። ሐኪሞች ጉልበቱን ጠገኑት፤ ቡድኑ አሰናበተው። የቀረው የጨዋታ ዕድሜው በኦሃዮ ትንንሽ ከተሞች በሚጫወት ታናሽ ሊግ፣ በአሮጌ አውቶቡስ ላይ አለቀ።

በ1955 ሃስኬትም አርጅቶ ወደዚያው ታናሽ ሊግ ወረደ፤ አዲሱ ቡድኑም ከሎይድ ቡድን ጋር ሳምንቱን ሙሉ ሊጋጠም መጣ። በዚህ ሳምንት ካልመታ እንደሚባረር ወሬው ቀድሞት ደርሷል። የሎይድ ወርዋሪ ኢርቪን፣ ኳሷን ጭንቅላቱ ላይ ልልቀቅበት ወይ ብሎ ጠየቀ። ሎይድ እንቢ አለ፤ ለተመታ ሰው ይታዘንለታል ብሎ።

ሃስኬት ዱላውን ይዞ ሲቆም ሎይድ ከሥሩ ሆኖ፣ "ፈጣን ናት፤ ቀጥ ብላ ነው የምትመጣው" አለው።

"ጉልበትህን ስሰብር አፍህን ረስቼዋለሁ" አለ ሃስኬት። የምትታጠፍ ኳስ ጠብቆ ዘገየ። ፈጣን ነበረች።

"አሁን ደግሞ የምትታጠፍ ናት።"

ታጠፈች። ሃስኬት አየሩን መታ።

ሳምንቱን ሙሉ ሎይድ አንድም ጊዜ አልዋሸውም፤ ሃስኬትም አንድም ጊዜ አላመነውም። ቅዳሜ ዕለት፣ በመጨረሻው ተራው፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ዝቅ ብሎ አየው።

"ምንድን ናት?" አለ፤ ድምፁ ልመና ነበረበት።

ሎይድ ዝም አለ። ሦስቱም ኳሶች ሲያልፉ ሃስኬት ዱላውን ሳያነሳ ቀረ፤ በሦስተኛዋም ተራው አበቃ።

ሰኞ ጠዋት የተባረረው ሃስኬት ሻንጣውን ይዞ ሎይድን ከሜዳው በር ላይ አገኘው። "ሚስትና ሁለት ልጆች አሉኝ" አለው።

"እኔም ጉልበት ነበረኝ" አለ ሎይድ።

እያነከሰ አልፎት ገባ። ያን ቀን ቁርሱን ሁለቴ በላ፤ ከዚያም ወዲህ ስለሃስኬት አንድ ሌሊት እንኳ እንቅልፍ አላጣም።