ፀሐይ ላይ የተሰጣ ፍራሽ

በያጁ ፍራሹን ጀርባው ላይ አዝሎ በጠባቡ በር ለመውጣት ይታገላል። ሸክም ለእሱ ብርቅ አይደለም፤ የግቢ በር የሚያህል ብረት ብቻውን አንስቶ መኪና ላይ የጫነባቸው ቀናት አሉ። ብረት ግን እንደያዙት ይያዛል። የረጠበ ስፖንጅ ይተጣጠፋል፣ ይንሸራተታል፣ ቀዝቃዛ እርጥበቱን ማጅራት ላይ ይለጥፋል። እንደምንም በትከሻው መቃኑን ገፍቶ ወጣና ፍራሹን የጠዋት ፀሐይ ከምትመታው ግድግዳ ጋር አስደገፈው። መሃሉ ላይ ያለው እርጥብ ክብ ከትናንቱ ጠርዝ አልፎ ሄዷል።

«ዛሬም ዘነበ?» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ መጣ።

«ዛሬስ ጎርፍ ነው፣ እትዬ።»

«ተመስገን በል። ጤነኛ ኩላሊት ነው።»

እትዬ ጎረቤታቸው ናቸው። ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት መርፌ በከንፈራቸው እንደያዙ ነው፤ ለዚህም ይሆናል ነገር የማያበዙት። ዛሬ ግን መርፌው የለም። ጨቅላውን ታቅፈው ፀሐይ ያሞቁታል።

«መቼ ነው የምትሄደው?»

«ቤቱን ላስተካክልና። ስትመጣ ሁሉም ነገር ደርቆ እንዲጠብቃት ነው የምፈልገው።»

ዛሬ ሚስቱ ከሆስፒታል የምትወጣበት ቀን ነው። ሁለተኛ ልጃቸውን ልትወልድ ጎህ ሲቀድ በሰው መኪና ተጭና ከሄደች ወዲህ ወደዚህ ቤት አልተመለሰችም። ምጡ አስቸጋሪ ሆነና በቀዶ ሕክምና ተገላገለች። ደም ፈሰሳት፤ ደሙ ሲቆም ደግሞ ቁስሉ አመረቀዘ። አንድ ቀን ሐኪሙ በያጁን ኮሪደር ላይ አቁሞ ዝቅ ባለ ድምፅ ያነጋገረው ነገር ነበር፤ ያንን ዛሬ ማስታወስ አልፈለገም። ጨቅላው ግን ደህና ስለነበር ከእናቱ ቀድሞ፣ በእትዬ ሻርፕ ተጠቅልሎ ቤት ገባ።

የበያጁ ትምህርት የተጀመረው ያን ቀን ነው። መጀመሪያ የቀየረው ዳይፐር የፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር። ማጣበቂያውንም ብረት የሚያስር ይመስል ጠፍሮት ልጁ ፊቱ ቀላ። እትዬ ሳቃቸውን ውጠው፣ «ቀስ በል አንተ! መስኮት እየበየድክ አይደለም» አሉት። በሆዱና በማሰሪያው መካከል ጣት ማስገባት እንዳለበት፣ ገና ያልደረቀውን እትብትም መሸፈን እንደሌለበት አሳዩት። ሌላውን በራሱ ደረሰበት፤ ለብ ባለ ውሃ መጥረግ፣ እጥፋት እጥፋቱን ሳይቀር ማድረቅ፣ ቂጡ ሲቀላ ደግሞ ጥቂት ሳይታሰር ነፋስ እንዲያገኘው መተው። ይህን የመጨረሻውን ሲሞክር ልጁ በቀጥታ ሸሚዙ ላይ ለቀቀበት። የብየዳ ፍንጣሪ የጠባበሰው እጁ ያን ለስላሳ ገላ እንዳይቧጭረው ስለፈራ፣ ማታ ማታ ቫዝሊን ይቀባ ጀመር። የሥራ ባልደረቦቹ «ሙሽራው መጣ» እያሉ ቀለዱበት። እሱም ሳቀላቸው፤ እጁን መቀባቱን ግን አልተወም።

አልሆንለት ያለው የትልቋ ነገር ነው። ሦስት ዓመት አልፏታል፤ በጉንጮቿ የተነሳ ድንቡሼ ይሏታል። ከወንድሟ መወለድ ብዙ ቀደም ብላ ዳይፐር ጥላለች። ፖፖዋን ራሷ እየጎተተች ትቀመጥ ነበር፤ ሌሊቱንም ደርቃ ታድር ነበር። ጠዋት ስትነሳ የደረቀውን አንሶላ በመዳፏ መታ መታ እያደረገች፣ «እዩት! እዩት!» ትል የነበረችው ልጅ፣ እናቷ በሄደች ማግስት አልጋው ላይ ሸናች። ከዚያ ወዲህ ደርቆ ያደረበት ቀን የለም። ማታ ማታ ውሃ ቀነሰባት፤ ረጠበ። ሳትተኛ በፊት ፖፖ ላይ አስቀመጣት፤ ረጠበ። ዳይፐር ላድርግልሽ ሲላት «ያ የሕፃን ነው!» ብላ አሽቀንጥራ ጣለችው። ከአንሶላው ሥር ያነጠፈው ላስቲክም እሷ ስትገላበጥ እየተሰበሰበ እግርጌ ይገኛል።

ጨቅላውን ሊያስከትብ የሄደ ጊዜ ነርሷን አማከራት። «እንዳትቆጣት፣ እንዳታሳፍራት» አለችው። «እናቷ አጠገቧ የለችም፤ አዲስ ልጅ ደግሞ ቤት ገብቷል። ብዙ ልጆች ላይ ይታያል፤ ታገሣት፣ ይመለስላታል።» አልተቆጣም። መታገሡ ግን ከበደው። እሱ የለመደው ሥራ አንዴ ከተበየደ ያው ተበየደ ነው፤ በማግስቱ ተመልሶ ያንኑ ቦታ አይበይድም።

ወደ ቤት ሲገባ ድንቡሼ ጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብላለች። የረጠበውን ልብሷን ራሷ አውልቃ ሌላ ቀሚስ ገልብጣ ለብሳለች፤ ስፌቱ ሁሉ በውጭ ነው። በያጁ ተንበረከከ። የምሥራቹን ሆን ብሎ እስካሁን አቆይቶት ነበር።

«ድንቡሼ፣ ዛሬ ማን እንደምትመጣ ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ የተገለበጠ ስፌቷን ትነካካለች።

«እማዬ! እማዬ ናት የምትመጣው!»

ዘላ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች ብሎ እጆቹን ዘርግቷል። ልጅቷ ግን ይበልጥ ወደ ውስጥ ተሸጎጠች።

«ፍራሹ ይደርቃል?» አለች።

«ይደርቃል እንጂ።»

«ሳይደርቅ ብትመጣስ?»

«ብትመጣ ምን አለበት? ሌላ እናነጥፍላታለን።»

«ዛሬ አትምጪ በላት» አለች፤ ከዚያ በኋላ ቢለምናትም፣ ቢያባብላትም ከጠረጴዛው ሥር አልወጣችም።

በያጁ ደነገጠ። እናቷን ረሳቻት ማለት ነው? ወይስ ጥላን ሄደች ብላ ቂም ያዘችባት? ያቺ ሴት በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ አፏን በከፈተች ቁጥር ቀድማ የምትጠይቀው ስለዚህች ልጅ ነበር። ተነሥቶ ቤቱን ጠረገ፣ ልጅቷን ለእትዬ አደራ ሰጠና ወጣ።

ሚስቱን ለባብሳ፣ የአልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አገኛት። ቀሚሷ ሰፍቷታል። ሲያያት ፈገግ አለች፤ ያን ፈገግታ አይቶ ኮሪደር ላይ የሰማውን ሁሉ ረሳው። ክንዷን ይዞ በዝግታ አስወጣት። ታክሲው ውስጥ እግሮቿን ገጥማ፣ አንድ ሰው እንዳይነካት የምትጠነቀቅ ይመስል ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ቁስሏ ነው ብሎ አሰበ። መንገዱን ሁሉ ዝም ብላ ቆይታ፣ ሰፈራቸው ሊደርሱ ሲሉ ዞር አለች።

«ድንቡሼስ? ትጠይቅ ነበር ስለ እኔ?»

«ቀን ከሌት» አላት፤ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ሳያነሳ።

ግቢው በር ላይ እትዬ ጨቅላውን ታቅፈው ቆመዋል። ፊታቸው ግን እንግዳ የሚቀበል ሰው ፊት አይደለም።

«እሰይ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ፣ የኔ ልጅ!» ብለው ሳሟትና ወደ በያጁ ጠጋ አሉ። «ልጅቷ አሁን እግሬ ሥር ነበረች። የታክሲውን ድምፅ ስትሰማ ጠፋችብኝ።»

ጠረጴዛው ሥር የለችም። አልጋው ሥር የለችም። በያጁ ተመልሶ ወደ ግቢ ሲወጣ፣ ግድግዳው ላይ ያስደገፈው ፍራሽ ትንሽ ነቅነቅ ሲል አየ። ጎንበስ ብሎ በፍራሹና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ተመለከተ። ድንቡሼ እዚያ ናት። የካርቶን ቁራጭ በሁለት እጇ ይዛ ፍራሹን ከጀርባው ታራግበዋለች። ፊቷ በላብና በእንባ ርሷል።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ የኔ እመቤት?»

«ላደርቀው ነው።»

«ይደርቃል አልኩሽ አይደል?»

«እማዬ ካየችው ትሄዳለች።»

«ለምንድነው የምትሄደው?»

ካርቶኑን ማራገቧን አላቆመችም። «ያን ቀንም የሸናሁባት ጊዜ ነው የሄደችው።»

በያጁ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ያ ንጋት እንዳለ ፊቱ ድቅን አለ። ሦስቱም አንድ አልጋ ላይ ነበሩ፤ ልጅቷ መሃል። ሚስቱ ጮኸች። የእንሽርት ውሃዋ ፈስሶ አልጋው ከራስጌ እስከ ግርጌ ርሶ ነበር። እሱ መኪና ፍለጋ በባዶ እግሩ ሮጠ፤ ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ፤ ሚስቱን ተሸክመው አወጧት። በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ አንዲት ሕፃን ልብሷ ገላዋ ላይ ተጣብቆ፣ የረጠበ አንሶላ ላይ ቁጭ ብላ ታይ ነበር። ልብሷን የቀየረላት ሰው አለ። ምን እንደሆነ የነገራት ግን ማንም የለም። እሷም በልጅ አእምሮዋ አሰበችበት፤ የደረሰችበትንም ነገር ይኸው እስከ ዛሬ ብቻዋን ተሸክማው ኖራለች።

ሊናገር አፉን ሲከፍት የሚስቱ እጅ ትከሻው ላይ አረፈ። ሰምታለች። ግድግዳውን ተደግፋ፣ በዝግታ፣ እያቃሰተች ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ከፍራሹ ክፍተት ትይዩ።

«ድንቡሼ፣ ያን ቀን አልጋውን ያረጠብኩት እኔ ነኝ።»

ካርቶኑ ቆመ።

«አንቺ?»

«እኔ። ወንድምሽ ሊወጣ ሲል ብዙ ውሃ ፈሰሰኝ። አንቺማ ለጥ ብለሽ ተኝተሽ ነበር። የኔ ውሃ ነው አንቺን ያረጠበሽ።»

ልጅቷ አባቷን አየችው፤ እውነት ይሁን አይሁን ከፊቱ ላይ ልታነብ። በያጁ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀላት።

«አልሸናሁብሽም?»

«ኧረ ምን በወጣሽ!»

ሚስቱ ትንፋሿን ሰበሰበች። ቀጥሎ የተናገረችውን ስትናገር ወደ በያጁ አልዞረችም፤ ጆሮዎቿ ግን ቀልተው ነበር።

«ሌላም ልንገርሽ? ሆስፒታልም ሸናሁ። አልጋ ላይ። ይህን አክዬ።»

ድንቡሼ ከክፍተቱ አንገቷን አወጣች። «ተቆጡሽ?»

«ማንም አልተቆጣኝም። አንሶላውን ቀየሩልኝ፤ አጠቡኝ፤ ደረቅ ልብስ አለበሱኝ። ሳለቅስ ደግሞ አይዞሽ አሉኝ።»

በያጁ የሚስቱ አቀማመጥ፣ ዝምታዋ፣ ታክሲው ውስጥ እግሮቿን መግጠሟ አሁን ገባው። ለእሱ መንገር አፍራ ለልጇ ነገረቻት። አላዘነባትም። ያሰበው ስለነዚያ እጆች ነበር። እሱ እዚህ ቤት ልጁን ሲያጥብ፣ እዚያ ደግሞ ስማቸውን የማያውቃቸው ሰዎች የእሱን ሚስት ሲያጥቡ፣ ሲያደርቁ፣ ሲያለብሱ ከርመዋል። ዛሬ ሲወጡ በር ላይ የተሰናበተቻቸው፣ አንሶላ በክንዷ የደረበች ሴት ከመካከላቸው አንዷ ሳትሆን አትቀርም፤ እሱ ግን በጥድፊያ በቅጡ እንኳ እግዜር ይስጥልኝ አላላትም። አሁን አጠገቡ ብትሆን መዳፏን ይስም ነበር። ምን ዓይነት ዕድለኛ ሰው ነኝ ሲል አሰበ፤ የሚያጥበው አንሶላ ሁሉ ባለቤት ያለው፣ የባለቤቶቹም ትንፋሽ ያልተቋረጠ።

ድንቡሼ ከፍራሹ ኋላ ወጣች። በተገለበጠ ቀሚሷ፣ ቀስ እያለች፣ እንግዳ ሰው እንደምትቀርብ ሁሉ ወደ እናቷ ተጠጋች። ትንሿን መዳፏን የእናቷ ጭን ላይ አሳረፈች፤ ጫን አድርጋ ዳሰሰች።

«አሁንስ? ደርቀሻል?»

እናቷ ሳቋ አመለጣት። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ስፌቱ እያመማት፣ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። «አንዳንዴ ነው» አለች። «ስስቅ ያመልጠኛል። አሁንም ሳያመልጠኝ አልቀረም።»

ድንቡሼ አልሳቀችም። ነገሩን በጥሞና አሰበችበት።

«ምንም አይደል» አለች በመጨረሻ። «አባዬ ይቀይርሻል።»

«ይችልበታል?»

«ይችልበታል። አንቺ ዝም ብለሽ መተኛት ብቻ ነው። እንዳትራገጪ።»

እትዬ ፊታቸውን በጨቅላው መታቀፊያ ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። በያጁ ከመሬት ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ፤ እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። ሚስቱ ከእንባዋ መሃል ቀና ብላ አየችው፤ እሱም ዓይኑን አላሸሸም።

ድንቡሼ የእናቷን ሁለት ጣቶች ጨብጣ አስነሣቻት። በእናቷ እርምጃ ልክ የራሷን እያሳነሰች፣ እየቆመች እየጠበቀቻት ወደ ቤት መራቻት። በሩ ጋ ሲደርሱ ዘወር አለች።

«አባዬ» አለች፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ «ና እንጂ! ምን ትቆማለህ?»