አራት ስምንተኛ አባት

የትርሲት አባት ከሆስፒታል በግማሽ ተመለሰ። ይዞት የመጣው ወረቀት ላይ «አንድ ሁለተኛ» ተብሎ ተጽፎ ማኅተም አርፎበታል። ቆሞ ሲታይ እስከ ትርሲት ወገብ ይደርሳል፤ እጁም፣ ጢሙም፣ ድምፁም በዚያው ልክ አንሷል። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ለዚህ አበቃችሁ፣ ጭራሽ ከማጣት ይሻላል» እያለ ጠይቆ ሄደ። እውነትም ይሻላል።

ያስቸገረው ወረቀቱ ነው። በየሰኞው ጤና ጣቢያ ተወስዶ መታደስ አለበት፤ ካልታደሰ የቀረውም አባት ይወሰዳል። ለማደስ ደግሞ ከበፊቱ ጋር እኩል የሆነ ሌላ ቁጥር መጻፍ ግድ ነው፤ መዝጋቢዋ አንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ አትቀበልም፤ እኩል መሆኑን ግን አታሰላም፣ በተጻፈው ላይ ማኅተሟን ታሳርፋለች። ደግነቱ ትርሲት ስድስተኛ ክፍል ናት፤ አቻ ክፍልፋዮችን የጀመሩትም በዚያው ሰሞን ነው። «ላዕሉን ባበዛችሁበት ቁጥር ታህቱንም አባዙ፤ አንዱን ነክቶ ሌላውን መተው የለም» ትላለች ቲቸር አበራሽ።

በመጀመሪያው ሰኞ ትርሲት «ሁለት አራተኛ» ብላ ጻፈች። ቤት ስትደርስ አባቷ ሁለት ሆኖ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ እያንዳንዱ የሩብ ሰው ያህል ነው። በሁለተኛው ሰኞ ሦስት ስድስተኛ፣ በሦስተኛው አራት ስምንተኛ ሆነ። አሁን አራቱም የለስላሳ ጠርሙስ ያህላሉ፤ ሲደመሩ ግን ያው ግማሽ አባት ናቸው። ትርሲት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ትለማመዳለች። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሳሳት።

በአራተኛው ሰኞ ፈተና ነበረባት። እናቷ ውድነሽ ትምህርት ያቋረጠችው ከሦስተኛ ክፍል ነው። ልጄን ላሳርፋት ብላ ማንንም ሳታማክር ወረቀቱን ይዛ ሄደች፤ ተሰለፈች፤ ራሷ ጽፋ ማኅተም አስመታች። ትርሲት ለምሳ ስትገባ ፊቷ በርቶ አሳየቻት። አራት አሥራ ስድስተኛ ይላል።

«እማዬ፣ ላይኛውንስ?»

«ላይኛው እሱ አይደል እንዴ? እሱን መንካት ፈራሁ። ታችኛውን ግን እጥፍ አደረግኩለት።»

ትርሲት ምሳዋን ትታ ጤና ጣቢያ ሮጠች። መዝጋቢዋ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

«ማኅተም ያረፈበት አይሰረዝም።»

«ሩብ ሆነ እኮ!»

«ሩብም ይታደሳል። ለሚቀጥለው ሰኞ ከዚሁ አባዢ።»

ስትመለስ አራቱ ጠረጴዛው ላይ ቆመው ጠበቋት። አሁን የሻይ ብርጭቆ ያህላሉ። አባቷ ሃያ ዓመት ሙሉ አናጢ ነበር፤ ልኬት ማንም አያስተምረውም። ትርሲት አንገቷን ደፍታ አለቀሰች።

«አይቻለሁ፣ ትርሴ» አሉ አራቱም በአንድ ድምፅ። ለመስማት ጆሮዋን ማስጠጋት ነበረባት።

«እኔ ብሄድ ኖሮ...»

«ተይው። እናትሽ እንዳትሰማ። ስንት ጊዜዋ ነው እንዲህ ደስ ካላት!»

ትርሲት ሆድ ይፍጀው ብላ እንባዋን በዩኒፎርሟ እጅጌ ጠረገች።

ውድነሽ ከጓዳ ወጥታ ባሏን በጣቷ ቆጠረች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ተመስገን፣ አንድም አልጎደለም!» ከዚያ ወረፋው አድክሟት ኖሮ ጋደም ልበል አለች። አራቱን አቅፋ አልጋው ላይ በእሱ በኩል ደረደረቻቸው፤ ብርድ ልብሱን እስከ አንገታቸው ሳበችላቸው። እሷ እንደ ድሮው የሙሉ ሰው ቦታ ለቅቃ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፤ ወዲያውም እንቅልፍ ወሰዳት። በተለቀቀው ሰፊ ቦታ ላይ፣ በብርድ ልብሱ ሥር፣ አራት ትናንሽ ጉብታዎች እኩል ከፍ ዝቅ ይላሉ።