ከክብሩ ሰሌን ስር

አፓውላ በፋጋሎሌ መንደር የምትታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በምላሷና በአፍንጫዋ። የሴቶች ኮሚቴ ቤት ለቤት እየዞረ አጎበሩን፣ መኝታውን፣ ሽንት ቤቱን ሲቆጣጠር ከፊት የምትቀድመው እሷ ናት። የሰው አልጋ ሥር ተደፍታ ገብታ "ምንድን ነው ይኼ? አይጥ ታረባላችሁ እንዴ?" ሳትል አትወጣም። የፓስተሩ አሳማ የጠፋ ጊዜ ሌባውን ያገኘችው ፖሊስ አይደለም፣ እሷ ናት፤ አንዱ ቤት ገብታ የአጥንት መረቅ ሸተታት፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ወጣት "እትዬ መርማሪ" ይላታል። የምትቆጣ ትመስላለች እንጂ ደስ ይላታል።

አሁን ግን የሚቀልድባት የለም። ሰኞ ጠዋት የሉፔ ልጅ ዮአኔ ጎደሬ ማሳው ዳር ጭንቅላቱን ተመቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ሰኞ ማታ ደግሞ ፖሊስ የአፓውላን አንድያ ልጅ ማናሴን አስሮ ወሰደው። ቅዳሜ ክሪኬት ሜዳ ላይ ሁለቱ ተደባድበው ማናሴ በሰው ሁሉ ፊት "እገልሃለሁ" ብሎ ፎክሮ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይሉት ይኼ ነው። ከጨዋታው በኋላም ንዴቱ እስኪበርድለት ብቻውን በባሕሩ ዳር ሲንቀዋለል አምሽቶ ነው ቤቱ የገባው፤ ያየው ሰው የለም። ዮአኔንም ከዚያ ምሽት ወዲህ በሕይወት ያየው የለም። እናቱ ሉፔ፣ ምስኪን፣ አኩርፎ ከተማ አጎቱ ዘንድ የሄደ መስሏት ነበር።

አፓውላ ልጇ እንዳልገደለ ታውቃለች። ማናሴ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ ፖሊሶቹ ወደ መኪናው ሲያስገቡት "እማዬ፣ እኔ አይደለሁም" ሲላት ጆሮው አልቀላም። ይኼን ለፖሊሱ ብትነግረው ሳቀባት። እናም በማያባራው ዶፍ ዝናብ ጃንጥላዋን ይዛ ከቤት ቤት ዞረች። ቅዳሜ ማን ቀድሞ ከሜዳው ወጣ? ከዮአኔ ጋር ማን ነገር ነበረው? ሰዉ ሻይ ይሰጣታል፣ አንገቱን ይደፋል፣ "እግዜር ያጽናሽ" ይላታል። ምንም አላገኘችም።

በዚህ ላይ ወንድሟ መጣ። ሲአኦሲ የቤተሰቡ አለቃ ነው፤ በመንደሩ ሸንጎም ቃሉ ይሰማል። እኛ ዘንድ እህት የወንድሟ የዓይን ብሌን ናት ይባላል። ወንድም ከአፉ ነጥቆ ለእህቱ ያጎርሳል፣ ፊቷ ክፉ ቃል አይናገርም። ሲአኦሲም እንደዚያ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት መጥቶ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠና ዓይኗን ሳያይ ተናገረ።

"ነገ ጎህ ሲቀድ ለኢፎጋ፣ ለይቅርታ ልመናው እንወጣለን። ሉፔ ደጅ እንበረከካለሁ።"

"ለማን ጥፋት?"

"አፓውላ፣ የሟች ወንድሞች ገጀራ እየሳሉ ነው። ነገ ካልተንበረከክን ከነገ ወዲያ ሌላ ሬሳ እንቀብራለን።"

"አንተ ከተንበረከክህማ ልጄን ፈረድክበት። አጎቱ አመነ፣ ለገዳይ ይቅርታ ጠየቀ ነው የሚባለው። ፖሊሱ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ይፈልጋል?"

"ወጣት ነው፤ ታስሮ ይወጣል።"

ይቺ ቃል አንጀቷን ቆረጠቻት። ልጇ የታሰረባት እናት እንዲህ ተብላ ትጽናናለች? ግን የቤቱ አለቃ ከተናገረ ተናገረ ነው።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ዘመድ አዝማድ ሲአኦሲ ደጅ ተሰበሰበ። ወንዶቹ ማገዶ፣ የምድጃ ድንጋይና የሙዝ ቅጠል ተሸክመዋል፤ "ከፈለጋችሁ እንደ አሳማ ጥበሱን" ማለት ነው። እሑድ አመሻሹ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የጀመረው ዝናብ አንድ ቀን እንኳ ፋታ አልሰጠንም፤ አሁንም ይወርዳል። ሲአኦሲ ከቤት ወጣና በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር እህቱ ክንድ ላይ አኖረ። የእናታቸው የክብር ሰሌን ነው፤ እንደ ሐር የለሰለሰ፣ ጠርዙ ላይ ቀይ ላባ ያለው፣ ለሠርግና ለሞት ካልሆነ የማይወጣ።

"አንቺ ያዢው። የቤቱ ትልቅ ሴት አንቺ ነሽ።"

ሰሌኑን ደረቷ ላይ አቅፋ ከሰልፉ ፊት ሄደች። እንባዋን ልታብስ ላስቲኩ ላይ ጎንበስ ስትል ያ ጉደኛ አፍንጫዋ ሥራውን ጀመረ። ሰሌኑ ፀሐይ የመታው ሣር ይሸታል።

አንድ እርምጃ ተራምዳ ቆመች።

"ምነው?" አለ ሲአኦሲ ከኋላዋ።

"እግሬ አንሸራተተኝ" አለች፤ ቀጠለች። አፍንጫዋን ግን ደግማ ሰሌኑ ላይ ደፋች። ቅዳሜ ጠዋት ኮሚቴው ሲዞር የሲአኦሲን ቤት ያየችው እሷ ናት። ሚስቱ የወለደች ልጇን ልታርስ ከተማ፣ አፒያ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ቤት አይደለም። ጣራው አፍስሶ፣ ከፍራሽ ሥር የተጠቀለለው ሰሌን ረጥቦ፣ ሻጋታው አስነጥሷት ነበር። "የእናታችን ሰሌን ሲበሰብስ አታፍርም? አውጥተህ አስጣው" ብትለው ወንድሟ ሳቀ። "ሰኞ አሰጣዋለሁ። ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ ምን አስቸኮለሽ?"

ቅዳሜ እስኪመሽ ድረስ መንደሩ ከነነፍሱ ሜዳ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ፀሐይ ወጥታ አታውቅም። በእሳት አድርቆት ቢሆን ጭስ ጭስ ይል ነበር። የቀረው እሑድ ነው። እሑድ ቀን ደግሞ እንኳን ሰሌን የሚያሰጣ፣ አንዲት ሸሚዝ አጥቦ የሰቀለ ሰው አሳማ ይቀጣል፤ ቅጣቱን የሚቆርጠውም ራሱ ሲአኦሲ ነው። መንደሩ ምሳውን በልቶ ድብን ብሎ ሲተኛ ነው ያወጣው። ገና ሬሳ ሳይገኝ፣ ገና ማንም ሳያለቅስ፣ ይኼ ሰሌን በቅርቡ እንደሚያስፈልግ ያወቀ ሰው ማነው?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ወንድምን ግን ማን ይጠረጥራል?

ሉፔ ደጅ ደረሱ። የሟች ወንድሞች ገጀራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውም ሰላም አላሉም። ሲአኦሲ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ አንገቱን ደፋ። "አልብሺኝ" አላት በሹክሹክታ። አፓውላ ሰሌኑን ዘርግታ ከራሱ እስከ ጀርባው አለበሰችው። ዘመዱ ሁሉ ከኋላ ተንበረከከ። አሁን መጠበቅ ነው። የተበደለችው ወጥታ ሰሌኑን ካነሳች ምራለች። ካላነሳች የእነዚህ የገጀራ ልጆች ፈንታ ነው።

ሰማዩ ቀስ እያለ ገረጣ። አፓውላ አንዴ በሩን፣ አንዴ ገጀራውን ታያለች። አሁን ብትናገር ወንድሟን ዓይኗ እያየ ይቆራርጡታል። ዝም ብትል ሉፔ ሰሌኑን በማናሴ ስም ታነሳለች፤ ያኔ የልጇ ገዳይነት በእግዜርም በሰውም ፊት ይጸናል፤ ምሕረት የወረደበትን ነገር ደግሞ የሚያነሳ የለም። ላብና ዝናብ ተደባልቆ ጀርባዋ ላይ ይወርዳል። በሩ ውስጥ ሰው ሲንቀሳቀስ አየች። ከዚያ በላይ አልቻለችም፤ በእንብርክክ ሄዳ ከሰሌኑ ስር ገባች።

ጨለማ ነው። የወንድሟ ትንፋሽ ይሰማታል።

"ሲአኦሲ፣ ሰሌኑን መቼ አሰጣኸው?"

ራሱን ይበልጥ ወደ ጭቃው ደፋ።

"እሑድ ነው ያሰጣኸው። ዮአኔ መሞቱን ማን ነገረህ?"

"ውጪ፣ አፓውላ። ይሰሙናል።"

"ይስሙና።"

"ድንበሬን ገፍቶ ጎደሬ ተከለ" አለ። "ቅዳሜ ምሽት ማሳው ዳር ብጠይቀው ሳቀብኝ። አንዴ ነው የመታሁት። ይነሳል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁት እኮ።"

"ልጄንስ?"

"እኔ ከታሰርኩ ቤታችን ይፈርሳል። እሱ ገና ልጅ ነው። ስንቅ አመላልስለታለሁ፣ ሲወጣ መሬት እሰጠዋለሁ፣ እድረዋለሁ..."

"እኔ የዓይንህ ብሌን አልነበርኩም ወይ?"

አለቀሰ። አልቅሶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ድምፁ ውሻ የታነቀ ይመስላል። አፓውላ ሆዷ ባባ፤ በዚያው ልክ ተናደደች።

"ሉፔ ሳትመጣ ስምህን ራስህ ተናገር።"

"ይቆራርጡኛል።"

"እሱስ ይቆራርጡህ ይሆናል" አለች፤ ከአፏ የወጣውን ስትሰማ አፏን በመዳፏ ያዘች።

ጭቃው ላይ እግር ጠጭ ጠጭ ሲል ተሰማ። ዝግ ያለ የሴት እግር ነው። እየቀረበ መጣ። "ተናገር" አለችው። "ሲአኦሲ፣ በእናታችን።" ፊቱን ከእሷ አዞረ። እግሩ አጠገባቸው ቆመ፤ የሉፔ እጅ የሰሌኑን ጠርዝ ሲይዝ ከውስጥ ታያቸው።

ሰሌኑን ከውስጥ የሚያነሳ የለም። በዳይ በገዛ እጁ ራሱን አይምርም፤ ሲደረግም ተሰምቶ አይታወቅም። አፓውላ ግን ቀድማ ብድግ አለች፤ ሰሌኑም ከነላባው ተንሸራቶ ጭቃ ላይ ወደቀ። ከኋላ ዘመዱ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ።

"ሉፔ፣ በልጄ ስም እንዳታነሺው። ልጅሽን የገደለው ይኼ ነው። ወንድሜ ነው።"

ሉፔ ከሰኞ ወዲህ ያልተበጠረ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተጣብቋል። አፓውላን አየቻት፣ ከዚያ ሲአኦሲን።

"አንተ ነህ?"

ሲአኦሲ ቀና አላለም። "እኔ ነኝ" አለ።

ልጆቿ ከበረንዳው ዘለው ወረዱ። አፓውላ ዓይኗን ጨፈነች። የተሰማው የሉፔ ድምፅ ነው። "ቁሙ" አለች፤ ጮክ እንኳ አላለችም። ልጆቹ ገጀራቸውን እንደያዙ ባሉበት ቀሩ።

ሉፔ ጎንበስ ብላ ሰሌኑን ከጭቃው አነሳች። ይዛው ትንሽ ቆመች። ከዚያ ሲአኦሲን መልሳ አለበሰችው፤ የሚተኛ ልጅ እንደሚያለብሱ ከአንገቱ በኩል ሳብ አድርጋ አስተካከለችለት።

"አልማርኩትም" አለች ወደ ልጆቿ ዞራ። "ይኼ ምሕረት አይደለም። ፖሊስ እስኪመጣ ከዚህ ስር ይቆይ። አንድ ልጄ ተገደለ፤ እናንተን ደግሞ ገዳይ አላደርግም።" ቀጥሎ ለአፓውላ፣ "ሂጂ፣ ልጅሽን አስፈቺ" አለቻት።

አፓውላ እግሯ ወደ መንገዱ ሊነሳ ፈለገ። ማናሴ ከተማ በብረት በር ውስጥ ነው፤ የሚሮጥለት ሰው ያስፈልገዋል። ዘወር ብላ የአክስቷን ልጅ ጠራችና "ፖሊሱ ዘንድ ብረር። የሰማኸውን ንገረው፤ ማናሴን እናትህ እየመጣች ነው በለው" አለችው። ሰውዬው ሮጠ።

ከሰሌኑ ስር የወንድሟ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ሁሉ ዘመድ መሐል አንድም ሰው ወደሱ አልተጠጋም፤ እንዲያውም ጥቂቶቹ ማገዶውንና ድንጋዩን ጥለው መሄድ ጀምረዋል። ሉፔ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ታያለች።

አፓውላ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ተንበረከከች፣ የሰሌኑን ጠርዝ ገልጣ ተመልሳ ገባች። "አይዞህ" አላለችውም፤ አልቻለችም። ጎኑ ሆና ፖሊሱን ጠበቀች።