ዘንግ ላይ የተሰቀለው ስልክ

ትምህርት እንደሆነ እግር የለው፣ የት ይሄዳል፣ እንዲህ ነበር ባሏ ያላት፣ ያኔ፣ የአስረኛ ክፍል ደብተሮቿን በከረጢት ጠቅልሎ ቁምሳጥኑ አናት ላይ ሲወረውር፣ እሷ ሆዷ ገፍቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እሱ እየሳቀ፣ ደግ ነበር እኮ ሲናገረው፣ ክፋት ቢኖርበትማ መች ታምነው ነበር። እግር የለው። ሄደ እንጂ! እግር አውጥቶ ጫማ አጥልቆ ሄደ፣ አንድ ዴስክ ላይ አብራት ትቀመጥ የነበረችው፣ ሒሳብ ከሷ የምትገለብጠዋ፣ ዛሬ የነርስ ተማሪ ሆና ነጭ ጋውን ለብሳ ፎቶ ትለጥፋለች፣ እሷ ይኸው በረንዳ ላይ ቆማ ስልክ ዘንግ ላይ ታስራለች።

እዚህ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ኔትወርክ መሬት አይወርድም። ከጣሪያ በላይ ነው የሚያልፈው፣ እንደ አሞራ። ስለዚህ ሰዉ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ሆትስፖቱን ያበራና ስልኩን በስስ ፌስታል ያስገባል፣ ፌስታሉን ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ያስራል፣ ዘንጉን ከበረንዳው ምሰሶ ጋር ጠፍሮ ያቆማል፣ ከዚያ ከሥር ቁጭ ብሎ ላፕቶፑን ይከፍታል። ስልኩ ከላይ ይለምናል፣ ላፕቶፑ ከታች ይበላል።

ላፕቶፑ የሷ አይደለም፣ የመንገዱ ቀያሿ ነው፣ እስከ ማታ ያዢው ብላ የሰጠቻት፣ ባትሪው ግን ሰነፍ ነው እህቴ፣ እንዳትዘናጊ። አትዘናጋም። የርቀት ትምህርቱ ምዝገባ ዛሬ ይዘጋል፣ ዛሬ ካመለጣት ለከርሞ ነው፣ ለከርሞ ደግሞ ካምፑ ተነቅሎ ቀያሿም ወደ ሌላ ሥራ ሄዳለች፣ ላፕቶፕ ከየት፣ ከሰማይ? ስሟን ጽፋለች፣ ያቋረጠችበትን ክፍል ጽፋለች፣ የቀራት ፎቶዋን መላክ ብቻ ነው። ላክ የሚለውን ትጫናለች። ሰማያዊው መስመር ይሳባል፣ በርታ፣ በርታ የኔ ጌታ፣ ግማሽ ደረሰ፣ ግማሹን አለፈ፣ ስልኩ ከላይ ይጮኻል።

አባ! ትላለች ትንሿ ልጇ ከሳፋው ውስጥ፣ በድስት ክዳን ሳፋውን እየደበደበች፣ የአባቷን ጥሪ ታውቀዋለች።

በዚህ ኔትወርክ ስልክ ሲጠራ ኢንተርኔቱ ይሞታል፣ ሁለቱ ባንድ ቤት አይኖሩም፣ እንደ ጣውንት። መስመሩ ቀጥ ይላል። ግንኙነቱ ተቋርጧል፣ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ። እባክዎ! በዕድሜዋ አንቱ ያላት ይኸው ማሽን ብቻ ነው፣ እሱም እምቢ ሊላት ሲል።

ዘንጉን ትፈታለች፣ ታወርዳለች፣ ስልኩን ከፌስታሉ ታወጣለች፣ ሄሎ፣ አቤት፣ ቻር፣ ምን? ቻርጀ፣ ጢጥ። ታች ኔትወርክ የለማ። ታስራለች፣ ታቆማለች፣ ፎቶዋን እንደገና፣ መስመሩ መሳብ ሲጀምር ስልኩ ይጮኻል። ዝም ትለዋለች፣ ሲሰለቸው ይተዋል፣ አይተውም፣ ያቆምና ይደግማል፣ ያቆምና ይደግማል፣ ባሏ የሚቆፍሩት ተራራ አናት ላይ ነው ያለው፣ የገልባጭ መኪናው ጋቢና ውስጥ፣ ኔትወርኩ እስከ ጥግ ሞልቶለት፣ ሰው ሲሞላለት ሁሉም የሞላለት ይመስለዋል።

አንቺ፣ ትላለች ልብስ የምታሰጣው ጎረቤቷ፣ ባልሽን ዘንግ ላይ ሰቅለሽው ልትውይ ነው? በዚህ ፀሐይ? አውርጂው እንጂ ይጠማዋል!

ትስቃለች ጎረቤቷ፣ እሷም ጥርሷን ታሳያለች፣ ለሰው ጥርስ ለማሳየት ማን ይብለጣት፣ ዝምተኛ ናት ይሏታል፣ ጨዋ ናት፣ አንጀቷ እንዴት እንደሚያር ማን ገልጦ አየው።

የውሃ በርሜሉን ገልብጣ ትወጣበታለች። ስልኩን ከፌስታሉ ጋር ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ ጥሪውን ተቀብላ ድምፁን ለቀቅ ታደርጋለች። ለምንድነው የምትዘጊብኝ? እኔ አልዘጋሁም፣ ኔትወርኩ ነው። ቻርጀሬን አላየሽም? የጋቢናው መሳቢያ ውስጥ። የትኛው መሳቢያ? ያለው እኮ አንድ ነው! ኧረ ቀስ፣ ምን ያስጮኽሻል፣ ልጅቷ በላች? በላች፣ ስማኝማ፣ አሁን አትደውል፣ ምዝገባውን እየላክሁ ነው፣ ስትደውል ይቋረጣል። የምን ምዝገባ? የነገርኩህ፣ የትምህርቱ። እ፣ እሱን ነው እንዴ፣ በቃ ተይው እሑድ እኔ አብሬሽ ቁጭ ብዬ እናደርገዋለን። ዛሬ ይዘጋል አልኩህ እኮ። እሺ በቃ፣ ሆ፣ ደግሞስ ዛሬ ባይሆን የት ይሄዳል እማ?

የት ይሄዳል።

በርሜሉ ላይ እንደቆመች፣ እጇ ወደ ላይ እንደተዘረጋ፣ ነፋሱ ቀሚሷን እያውለበለበ። አልረሳውም ማለት ነው፣ ወይስ ረስቶት ነው የሚደግመው፣ የቱ ይብሳል? ክፉ አይደለም፣ ልጁን ይወዳል፣ ደሞዙን አምጥቶ እጇ ላይ ያስቀምጣል፣ ካፉ ክፉ ቃል አይወጣም፣ እሱ ነው እኮ የሚያቃጥላት፣ ክፉ ቢሆን ትጣላው ነበር፣ ደግ ሰው እየሳቀ ሲወስድብሽ ምን ብለሽ ትጮኺያለሽ፣ ማን ይሰማሻል፣ ጥጋብ ነው ይሉሻል። እሺ፣ ትለዋለች። እሺ! አፏ ለምዶ። ምላሷን ብትነክሰው።

ትወርዳለች፣ ታስራለች፣ ታቆማለች። የላፕቶፑ ባትሪ ቀይ ሆኗል። በርታ። መስመሩ ይሳባል፣ ግማሽ፣ ግማሹን አለፈ፣ ልጅቷ በክዳኑ መምታት ትታ ቀና ትላለች፣ እናትየው ገና ከመጮኹ በፊት ታውቃለች።

ይጮኻል።

መሳቢያው ውስጥ የለም ሊላት ነው፣ ወይ አገኘሁት ሊላት፣ ወይ ተቆጣሽ እንዴ ሊላት፣ ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል።

አትሮጥም አሁን። ዘንጉን ቀስ ብላ ትፈታለች፣ ዝቅ ስታደርገው ጥሪው ራሱ ይሞታል፣ ፌስታሉን ታወልቃለች። በተሰነጠቀው የስልኩ መስታወት ላይ የባሏ ፎቶ አለ፣ የሠርጋቸው ቀን ፎቶ፣ ክራቫቱ የተዋሰው። ስሙን ተጭና ትይዘዋለች። ይህን ቁጥር ማገድ ይፈልጋሉ? ይኸው ደግሞ አንቱ። አውራ ጣቷ ይቆማል፣ ልጅቷ ብትወድቅ፣ እሱ አንድ ነገር ቢሆን፣ ተራራ ነው የሚንዱት፣ አንድ ነገር ቢሆን እኮ፣ ሁልጊዜ እኮ አንድ ነገር ቢሆን ነው፣ ሁልጊዜ።

አዎ።

አባ? ትላለች ልጅቷ፣ ባዶውን ዘንግ እያየች።

አባ ማታ ይመጣል፣ ትላታለች፣ ስልኩን ፌስታሉ ውስጥ መልሳ፣ ቋጠሮውን በጥርሷ እያጠበቀች፣ ዘንጉንም ታቆመዋለች።