አላውቅም ያለው ሰውዬ

ማንጠግቦሽ አንድ ነገር ከተናገረች አትመለስም። ባሏ ፈንታው "ይቺ ሴት ቁልቁለት የጀመረች ድንጋይ ናት" ይላታል። የማርያም ማኅበርተኞቿም ይህን ስለሚያውቁ ነው አሥራ አንዱም ሴቶች ተሰብስበው የለመኗት።

"አንቺ አርብ ገበያ ወርደሽ የምርጫውን ክርክር በቴሌቪዥን እይልን። ድልድዩን የሚሠራልን የትኛው እንደሆነ ለይተሽ ነይ። አንቺ ያልሽውን እንመርጣለን።"

"ማርያምን፣ ለይቼ እመጣለሁ" አለች።

የድልድዩ ነገር ቀልድ አይደለም። ክረምት ወንዙ ሲሞላ መንደሩ ከገበያም ከሐኪም ቤትም ይቆረጣል። አምና በነሐሴ ከማኅበርተኞቹ አንዷን፣ ተሾመችን፣ ምጥ ይዟት፣ በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙ ዳር ሲደርሱ ውኃው አላሳልፍ አለ። እዚያው ድንጋይ ላይ ወለደች። ማርያም ትመስገን፣ እናትም ልጅም ተረፉ። ልጁ ክርስትና ሲነሣ ወልደ ማርያም ተባለ፤ ሰዉ ግን እስከ ዛሬ "ድልድዩ" እያለ ነው የሚጠራው።

አርብ ዕለት ሽምብራዋን ሸጣ ስታበቃ የአክስቷ ልጅ ሐረገ ወይን ጠላ ቤት ገባች። የትናንቱ ክርክር በቀን ይደገማል ተብሎ ቤቱ ጢም ብሏል። ሐረገ ወይን አንዱን ጎረምሳ አስነሥታ ከቴሌቪዥኑ ፊት በርጩማ ሰጠቻት።

ተከራካሪዎቹ ሦስት ናቸው። በየፊታቸው የፓርቲያቸው ምልክት ተቀምጧል፦ ጃንጥላ፣ መሰላል፣ ቁልፍ። መካከል ላይ አንድ ጠያቂ ደወል ይዟል፤ ሰዓቱ ያለቀበትን ሰው በደወሉ ቃሉን ይቆርጥበታል። ይኼ አልዋጥላት አለ። አባቷ ደም የሚያስታርቁ ሽማግሌ ነበሩ፤ በእሳቸው ፊት ሰው ቃሉን ሳይጨርስ አይቆረጥም።

"ባለ ደወሉ ነው እንዴ ዳኛው?"

"ዳኛ አይደለም እትዬ፣ ሰዓት ጠባቂ ነው" አላት ይበልጣል፣ እህል ነጋዴው።

"ታዲያ መጨረሻ ላይ ማን ሊፈርድ ነው?"

"አንቺ ነሻ!"

ቤቱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ፍርድ የሌለው ሙግት አይታ አታውቅም።

ባለ ጃንጥላው መነጽር ያደረገ ሰው ነው፤ አፉን ሲከፍት ቃሉ እንደ ማር ይንጠባጠባል። መሪጌታ ጥበቡ ጣሳቸውን አስቀምጠው ራሳቸውን ይነቀንቁ ጀመር።

"እህ! ይኼ ነው ሰው! ቤት ሲመታ አያችሁት?"

"ምን አለ መሪጌታ?" አለች ማንጠግቦሽ። "ፈጠነብኝ።"

"እሱንስ እንጃ ልጄ። አባባሉ ግን!"

ባለ መሰላሏ ወጣት ሴት ናት። ቁጥር ትደረድራለች፤ ጎንና ጎኗ ያሉትን ወንዶች ታፋጥጣለች። ሐረገ ወይን ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። "እኔ የእሷ ነኝ። ዓይኗን ሳትሰብር ስታፋጥጣቸው አያችኋት?"

"ምን ስላለች ነው?"

"ምንም ትበል!"

ሦስተኛው፣ ባለ ቁልፉ፣ ጥርሰ ፍንጭት ጎልማሳ ነው። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ጠያቂው "በገጠር ስንት ድልድይ በስንት ዓመት ትሠራላችሁ?" ሲል ማንጠግቦሽ ከበርጩማዋ ልትነሣ ምንም አልቀራት። ባለ ጃንጥላው አምስት መቶ በሁለት ዓመት አለ። ባለ መሰላሏ ስምንት መቶ አለች። ባለ ቁልፉ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ።

"አላውቅም" አለ። "ወንዙን ሄጄ ሳላይ፣ መሐንዲስ ሳይለካው ቁጥር ብጠራ ውሸት ነው።"

ሰዓቱ ተርፎት ዝም አለ። ደወሉም አልጮኸም።

ጠላ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "አላውቅም ለማለት ነው ቴሌቪዥን ድረስ የሄደው?" አለ ይበልጣል። "አላውቅምማ እኔስ እዚሁ ተቀምጬ እል የለም እንዴ!"

"አንተ? የእህል ዋጋ ስትጠየቅ መች አላውቅም ብለህ ታውቃለህ!" አለችው ማንጠግቦሽ።

ሳቁ ወደ ይበልጣል ዞረ። እሱ ግን፣ "ተይ እትዬ፣ ቁልፉ ዛሬ ተቀብሯል" ብሎ ጨረሰ። መሪጌታም ተቀብሯል አሉ። ሐረገ ወይንም። ማንጠግቦሽ አንዱን አይታ አንዱን አየች። አንድ ክርክር አይደለም እንዴ ያየነው? ወይስ ለሁሉም በየዓይኑ ሌላ ነው የታየው?

አቀበቱን ስትወጣ አባቷ ይሉት የነበረ ትዝ አላት። "ለሁሉ መልስ ያለው ሰው፣ ቢያንስ አንዱን ዋሽቷል።" ጋራው ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆርጣ ነበር። ቁልፍ!

"አላውቅም ያለውን?" አለች ሰብለ፣ ማኅበርተኞቹ ሲሰበሰቡ። "ማንጤ፣ የሐረገ ወይን ጠላ ነው እንዴ የፈረደልሽ?"

"ብያለሁ። ቁልፍ ነው።"

ካለች አለች ነው። አሥራ አንዱም ቁልፍ አሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የቁልፍ ተወዳዳሪ ገበያው ድረስ ሊመጣ ነው ተባለ። ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አጥባ ከሴቶቹ ፊት ቆመች፤ ጥርሰ ፍንጭቱን ስታይ እጁን ይዛ ወንዙ ዳር ልትወስደው ነበር። ከመኪናው የወረደው ግን ሌላ ሰው ነው። ወርቅነህ ይባላል፤ ወፍራም፣ ደልዳላ፣ አንገቱ ላይ ቁልፍ የታተመበት ሻርፕ ያሰረ።

"ያ ሰውዬስ?" አለችው።

"የትኛው እናቴ?"

"አላውቅም ያለው። በቴሌቪዥን።"

ወርቅነህ ፊቱ ቅጭም አለ። "እሱ የሚወዳደረው አዲስ አበባ ነው። እዚህ የምወዳደር እኔ ነኝ።"

"እዚያ የተከራከረው ለእናንተ አይደለም?"

"ለፓርቲው ነው።"

"እና እሱን ብዬ ምልክት ባደርግ?"

"ለእኔ ነዋ የሚሆነው" አለና ሳቀ።

ማንጠግቦሽ ቀረብ አለችው። "ይሁን። እንግዲያ የኛን ወንዝ አይተኸዋል?"

"ማየት አያስፈልግም እናቴ። በአንድ ዓመት ድልድይ ይሠራበታል። እኔ ቃሌ ቃል ነው!"

ሰው አጨበጨበ። አሥራ አንዱ ሴቶች አላጨበጨቡም፤ እሷን ነው የሚያዩት። "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ልትል ነበር፣ ልማዷ ነው። ተሾመች ጀርባ ላይ ያለው ሕፃን፣ ድልድዩ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ሲያያት ተረቱን ተወችው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ተሾመች፣ "ማንጤ፣ እንግዲህ ለማን እናድርገው?" አለች።

"አላውቅም።"

ሁሉም ቆሙ። ከማንጠግቦሽ አፍ ይህን ቃል ሰምተው አያውቁም።

"ምን ማለትሽ ነው?" ሰብለ ጮኸች። "በማርያም ስም ለይቼ እመጣለሁ ብለሽን?"

"ብያለሁ። ለይቼም ነበር። የለየሁት ሰው ግን እኛ አገር የለም። ዋሽቼ አንዱን ልበላችሁ?"

እዚያው መንገድ ላይ ተጣሉ። አንዷ ቁልፉ ቁልፍ ነው፣ ማንም ይያዘው አለች። አንዷ መሰላል። ተሾመች ልጇን ወደ ፊት አዞረችና፣ "አላውቅም ማለትሽን አመንኩ። እኔ ግን ድልድዩን ነው የምፈልግ" ብላ ማልቀስም መሳቅም ቃጣት።

የምርጫው ዕለት አሥራ ሁለቱም አንድ ላይ ተሰለፉ፤ ማንም ለማንም የልቧን አልነገረችም። ማንጠግቦሽ መጋረጃው ውስጥ ገብታ ወረቀቱን ዘረጋች። ጃንጥላ፣ መሰላል፣ ቁልፍ። ከቁልፉ ጎን ያለውን ፊደል በጣቷ እየተከተለች ቆጠረችው፤ ወ፣ ር፣ ቅ፣ ነ፣ ህ። ሌሎቹንም ቆጠረች፤ ስማቸውን ሰምታው አታውቅም። አላውቅም የሚል ምልክት ፈለገች፣ የለም። እንደገና ከጃንጥላው ጀመረች።

"እናቴ፣ አልጨረሱም?" አለች ከውጭ አስመራጯ ልጅ። "ሰልፉ ረዝሟል።"

"ደወል አለሽ?"

"ምን?"

"ደወል አለሽ ወይ?"

"የለኝም፣ እናቴ።"

"እንግዲያ ተይኝ፣ ቃሌን አልጨረስኩም።"