ማክሰኞ ያስለቀቀው ምሽግ

ከብዙ ዘመን በፊት ነጮቹ ወታደሮች የባሕር ዳሩን ምሽግ ጥለው የሄዱት በጦርነት ተሸንፈው አይደለም፤ ማክሰኞ ቀን የሚቀዝፍላቸው ሰው አጥተው ነው። ዱቄትና ባሩድ የጫነችው መርከባቸው ከማዕበሉ ማዶ ቆማ ስትጠብቅ፣ የአገሬው ተወላጅ የሆኑት የፋንቴ ዓሣ አጥማጆች ማክሰኞ ባሕር የሚያርፍበት ቀን ነው ብለው መረባቸውን ይጠግኑ ነበር። ወታደሮቹ ራሳቸው ሲቀዝፉ ጀልባቸው ተገለበጠች፤ መርከቧም መጠበቅ ሰልችቷት ሄደች። ረሃብ ሲጠናባቸው በእግራቸው ወደ ጎረቤት ምሽግ ገቡ፤ በዚያው ቀሩ።

ዛሬ ምሽጉን ለጎብኚዎች የምታሳየው አራባ ይህን ታሪክ በምሽጉ በር በሚሰቀለው ሰሌዳ ላይ ልታስጽፍ ነው፤ ቀለም ቀቢው ውጭ ቆሞ ይጠብቃታል። የአጥማጆቹ አለቃ ናና ኤሲልፊ ግን በሰሌዳው ላይ ጦርነት ይፈልጋሉ።

«አያቶቻችን ተዋግተው አባረሯቸው በይ! መረብ ሲጠግኑ ነበር ብለሽ ልታዋርጂን ነው?»

«ናና፣ እዚህ ግድግዳ ላይ አንድ የጥይት ጠባሳ ያሳዩኝና እጽፋለሁ።»

«ተለስኖ ነው።»

«ማን ለሰነው? እዚህ የሚያድሩት ፍየሎች?»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ሲውጡ የመንደሩ ባለሆቴል እያለከለከ ገባ። «ናና፣ የሚኒስትሩ እንግዶች መጥተዋል፤ አሁኑኑ አንድ ጀልባ!»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

«ለትንሽ ጊዜ ብቻ! ከሄዱ አይመለሱም እኮ!»

«ይሂዱ! እንኳን ሚኒስትር ንጉሥ ቢመጣ ማክሰኞ ባሕር አይገባም።»

«አያቶችዎም ያሉት ይህንኑ ነው» አለች አራባ። ናና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በይ እሺ፣ ጻፊው። ግን ‹እምቢ አሉ› የምትለዋ በትልቁ ትሁን።»

«በቀይ አስጽፋታለሁ» አለችና ወደ ቀለም ቀቢው ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።